የአገር ጣዕም

እ.ኤ.አ. በ2019 በምዕራብ ፈረንሳይ፣ በሮሽፎር ከተማ ያለ ፍርድ ቤት የአንድ አውራ ዶሮ ጉዳይ ቀረበለት (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዶሮው ሞሪስ ይባላል፤ የሚኖረው በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር በምትገኘው በኦሌሮን ደሴት ነበር። የተከሰሰበት ነገር ጎህ ሲቀድ መጮኹ ነው። ከሳሾቹ በደሴቲቱ የዕረፍት ቤት ያላቸው ጎረቤቶች ሲሆኑ፣ የማለዳው ጩኸት ሰላም ነሳን አሉ። የባለቤቲቱ መከራከሪያ ደግሞ ዶሮ በገጠር መጮኹ የኖረ ነገር ነው የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ለዶሮው ፈረደ፤ ወሬውም ከደሴቲቱ አልፎ ዓለምን አዳረሰ።

ሞሪስ በተከታዩ ዓመት ሞተ። ክርክሩ ግን አልሞተም። በጃንዋሪ 2021 በፈረንሳይ አንድ አጭር ሕግ ወጣ፤ የገጠርን ድምፅና ሽታ እንደ ቅርስ የሚቆጥር ሕግ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው በወቅቱ የሎዜር ተመራጭ የነበረው የምክር ቤት አባል ፒየር ሞሬል አ ሉዊሲዬ ነበር፤ ሎዜር ደግሞ በዋናው የፈረንሳይ ምድር ካሉት አውራጃዎች ሁሉ የሕዝቡ ቁጥር ያነሰው ነው። የዶሮ ጩኸት፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ የላም ቃጭል፣ የፍግ ሽታ፤ እነዚህ ከእንግዲህ የአካባቢው ጠባይ ተደርገው ይታያሉ።

ሕግ አውጪ እጅ የማይጨብጠውን፣ ነፋስ የሚወስደውን ሽታ ቅርስ ሲለው ምን ማለቱ ነው? ቤተ መቅደስ ቅርስ ነው፣ የብራና መጽሐፍ ቅርስ ነው፤ እነዚህ ሠሪያቸው ካለፈ በኋላም ቆመው ይጠብቃሉ። የፍግ ሽታ ግን ከብት ከሌለ የለም። ከብቱ አርቢ ከሌለው አይኖርም፤ አርቢውም ወተቱን የሚገዛው፣ ልጁን የሚያስተምርለት፣ ሲታመም የሚደርስለት ካላገኘ አይቆይም። ስለዚህ ሽታውን ለመጠበቅ የተነሳ ሰው ይወቀውም አይወቀውም አንድን ሙሉ ኑሮ ለመጠበቅ ቃል ገብቷል። ወይም ደግሞ ኑሮውን ትቶ ሽታውን ብቻ ፈልጓል። ሁለቱን ለመለየት አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ አንድ ነገር “የዚህ አገር ነው” ሲባል ምን ማለት ነው? ዶሮው፣ አይቡ፣ ወይኑ፣ ሰውየው የዚያ ቦታ የሚሆኑት በምንድን ነው?

ከከተማ የሚመጣ እንግዳ የፈረንሳይን መንደር መጀመሪያ የሚያውቀው በዝምታው ነው። አገሪቱ ኮሚዩን የሚባሉ 35 ሺህ ገደማ የአካባቢ አስተዳደሮች አሏት፤ ከእነዚህ ግማሽ በሚሆኑት የሚኖረው ሰው ከ500 አይበልጥም፤ ሆኖም እያንዳንዱ የራሱ ከንቲባ አለው። በአደባባዩ ዙሪያ ቤተ ክርስቲያኑና የከንቲባው ጽሕፈት ቤት ይታያሉ፤ መንደሩ የታደለ ከሆነ አንድ ዳቦ ቤትም ይኖራል። መካከል ላይ የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። በላዩ የተቀረጹት በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ የመንደሩ ልጆች ስሞች ናቸው። ፈረንሳይ በዚያ ጦርነት 1.4 ሚሊዮን ያህል ወታደሮች አጥታለች፤ ብዙዎቹ ከእርሻ ላይ የተነሱ ነበሩ። በሐውልቱ ላይ አንድ የቤተሰብ ስም ሁለት ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ይገኛል። ሰው የሚያነበው እያንዳንዱን ስም ነው፤ ድንጋዩ የሚናገረው ግን ስላልታረሰ ማሳና ስላልተወለዱ ልጆችም ጭምር ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱን ተከትሎ ሲሄድ መስኮታቸው በእንጨት መዝጊያ የተከረቸመ ቤቶች ያያል። በፈረንሳይ ከአሥር ቤት አንዱ ገደማ ባለቤቱ በዕረፍት ጊዜ ብቻ የሚመጣበት ሁለተኛ ቤት ነው።

በገበያ ቀን ግን ያው አደባባይ ሌላ ቦታ ይሆናል። አይብ ሻጩ እንግዳውን የሚጠይቀው ስንት እንደሚፈልግ ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደሚበላውም ይጠይቀዋል። ለዛሬ ማታ ነው? ለእሑድ ምሳ ነው? ከዚያ ካማምቤር የሚባለውን አይብ ክዳን ከፍቶ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን እያደረገ፣ አንዱን ትቶ ሌላውን ያነሳል። ሐብሐብ መሰሉን ሜሎን የሚሸጠውም እንዲሁ ነው፤ አሽትቶ፣ በእጁ መዝኖ ይመርጣል። ለእንግዳው ይህ ትንሽ ጥያቄ ትልቅ ግኝት ነው። ምግብ ቀን እንዳለው፣ የሚበስልበትና የሚያልፍበት ሰዓት እንዳለው፣ ሻጩም ያንን ሰዓት እንደሚያውቅ ይረዳል። ከመደብር መደርደሪያ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ቲማቲም ሲያነሳ የኖረ ሰው ስለ መሬት ሳይሆን በመጀመሪያ ስለ ጊዜ ይማራል ማለት ነው። አገር የሚባለው ነገር ቦታ ብቻ ላይሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ፈረንሳዮች “ፔይ” የሚሉት ቃል አላቸው። ከሰሜን ባሕር እስከ ፒሬኔ ተራሮች ያለው ምድር በሙሉ ፔይ ነው፤ ከአንድ ኮረብታ ላይ ቆሞ ዓይን የሚያዳርሰው ሸለቆም ፔይ ነው። ይህ ድርብ ትርጉም ለአማርኛ ተናጋሪ አያስቸግረውም። አዲስ አበባ ላይ “አገርህ የት ነው?” የተባለ ሰው “ኢትዮጵያ” ብሎ አይመልስም፤ ቡልጋ ይላል፣ ጋይንት ይላል፣ መንዝ ይላል። “አገር ቤት” የሚለውም እንደ ተናጋሪው ርቀት ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ዋሽንግተን ላለው ሰው ኢትዮጵያ በሙሉ አገር ቤት ናት፣ አዲስ አበባ ላለው ግን አያቱ የተቀበሩበት ቀዬ ነው። ከፔይ ፈረንሳይኛ “ፔይዛን” የሚለውን ቃል አወጣ፤ ከአገር አማርኛ “ባላገር” የሚለውን አወጣ። ሁለቱም ቃላት በከተሜ አፍ ስድብ ሆነው ያውቃሉ፤ ሁለቱም በባለቤቶቻቸው አፍ ኩራት ይሆናሉ። አማርኛው ግን አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል። ፔይዛን የአገሩ ሰው ነው፤ ባላገር ግን ባለ አገር ነው፣ የያዘ ነው። ታሪክ ለዚህ “ባለ” ለምትል ቃል ብዙ አላገዛትም። በፈረንሳይ ገበሬው እስከ 1789 አብዮት ድረስ ለመሬት ጌታ ይገብር ነበር፤ በኢትዮጵያም እስከ 1975 ድረስ የብዙው ባላገር ዕጣ ጭሰኝነት ነበር። ቃሉ ባለቤት ብሎ የሚጠራው ሰው ብዙውን ጊዜ ባለቤት አልነበረም። ታዲያ ቋንቋው ተሳስቷል? ወይስ ከርስትና ከሰነድ የተለየ ሌላ ባለቤትነት አለ ብሎ ነው?

ሶሲዮሎጂስቱ አንሪ ማንድራ በ1967 “የባላገሮች ፍጻሜ” የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አሳተመ። የሐሳቡ አንኳር እርሻ ይጠፋል የሚል አልነበረም። የሚጠፋው ለቤቱ የሚያመርት፣ በመንደሩ ሕግ የሚኖር፣ ሥራውና ሕይወቱ ያልተነጣጠሉ ሰው ነው፤ በእርሱ ቦታ ለገበያ የሚያመርት፣ እርሻን እንደ ሙያ የያዘ አምራች ይተካል አለ። ቁጥሩ ከሞላ ጎደል ደግፎታል። በ1970 በፈረንሳይ 1.6 ሚሊዮን ያህል እርሻዎች ነበሩ፤ በ2020 ቆጠራ የተገኙት 390 ሺህ ገደማ ናቸው። ሆኖም ከመጽሐፉ ሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ሲቋቋም “ፔይዛን” የሚለውን አሮጌ ቃል አንስቶ በስሙ ላይ አኖረው፤ ኮንፌዴራሲዮን ፔይዛን ተባለ። አለቀ የተባለውን ስም ሰዎች ወደውና መርጠው ለበሱት። አባት የሚያወርሰው የነበረ ነገር በምርጫ ሲያዝ ያው ነገር ነው? ይህን ጥያቄ ለጊዜው ማቆየት ይሻላል፤ ወደ መጨረሻው ይመለሳል።

ከሰው ይልቅ አይብን መመርመር ይቀላል፤ አይብ ስለ ራሱ አይከራከርምና። ፈረንሳዮች የአንድን ምግብ ከቦታው ጋር መተሳሰር “ቴርዋር” በሚል ቃል ይጠሩታል። ይህን ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ሰው አንዱን ይዞ ሌላውን ይጥላል። “አፈር” ቢል ሰውየው ይቀርበታል፤ “ቀዬ” ቢል ድንጋዩና ዝናቡ ይጎድላሉ፤ “የአፈሩ ወዝ” ቢል ይቀርባል፣ ግን ልማዱ ይቀራል። ቃሉ ባይኖርም ነገሩ አለ። የሸኖ ቅቤ፣ የአድአ ማኛ ጤፍ የሚል ገዢ የቦታ ስም እየጠራ ስለ ጣዕም ነው የሚያወራው። ፈረንሳዮች የጨመሩት ነገር ቢኖር ይህን የገበያ ንግግር ሕግ ማድረጋቸው ነው። ሕግ ደግሞ ትርጉም ይጠይቃል፤ ከየት እስከ የት? የየትኛው እንስሳ ወተት? ስንት ቀን? ጣዕምን ለመጠበቅ የተነሳ ሁሉ ሳይወድ ፈላስፋ ይሆናል።

በደቡብ ፈረንሳይ በአቬሮን አውራጃ ሮክፎር ሱር ሱልዞን የምትባል፣ ከገደል ሥር የተጣበቀች መንደር አለች። ከበላይዋ ያለው የኮምባሉ አምባ በጥንት ዘመን አንድ ጎኑ ተንዷል፤ የተናደው ድንጋይ ተቆላልፎ ሲቀመጥ በሥሩ ዋሻ፣ በመካከሉ ስንጥቅ ቀረ። ስንጥቆቹን “ፍለሪን” ይሏቸዋል። በእነርሱ በኩል ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ወደ ዋሻዎቹ ይነፍሳል። በዚያ አየር ውስጥ የሚበቅል ሻጋታ የበግ ወተት አይብን ሰንጥቆ ገብቶ ሰማያዊ ሥር ያበጅለታል፤ ሳይንስ ሻጋታውን በመንደሯ ስም ፔኒሲሊየም ሮክፎርቲ ብሎታል። የጥንቶቹ ሠሪዎች ሻጋታውን የሚሰበስቡት በዋሻው ውስጥ ዳቦ ትተው ነበር። አይቡን የሚያገላብጡትና የሚፍቁት ሴቶች ነበሩ፤ “ካባኒዬር” ይባላሉ። በ1411 ንጉሥ ሻርል ስድስተኛ በዋሻዎቹ አይብ የማብሰልን መብት ለመንደሯ ነዋሪዎች ብቻ ሰጠ። በ1666 የቱሉዝ ፓርላማ፣ በዚያን ጊዜ አጠራር ትልቁ ፍርድ ቤት ማለት ነው፣ በስሙ ሌላ አይብ የሚሸጡትን ከለከለ። በ1925 ደግሞ ሮክፎር በሕግ የትውልድ ስም የተሰጠው የመጀመሪያው አይብ ሆነ።

እስከዚህ ድረስ መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ጣዕሙ የዋሻው ነው። ይሁንና ሐሳቡን ትንሽ መግፋት ይቻላል። ሻጋታው በቤተ ሙከራ ይባዛል፤ ዛሬም የሚባዛው እንዲሁ ነው። ቅዝቃዜና እርጥበት በማሽን ይገኛል። ላኮን የሚባሉት በጎች በመኪና ተጭነው ሌላ አገር ሊሄዱ ይችላሉ። ሁሉም አንድ በአንድ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ቢተከል፣ የሚወጣው አይብም በምላስ የማይለይ ቢሆን፣ ሮክፎር ይሆናል? ሕጉ አይሆንም ይላል። ይህ መልስ የሚያስተምረው ስሙ የጣዕም ስም አለመሆኑን ነው። ስሙ እንደ ሰው ስም ነው፤ ከወላጁና ከታሪኩ ይገኛል እንጂ ከመልኩ አይደለም። መንታ ወንድም መልኩ ቢመስልም ሌላ ሰው ነው። ግን ታሪኩን ሲከፍቱት ሌላ ነገር ይወጣል። በአንድ ወቅት ለሮክፎር ዋሻዎች የሚሆን ጥሬ አይብ ከፒሬኔ ተራሮች፣ አልፎም ባሕር ተሻግሮ ከኮርሲካ ደሴት ይመጣ ነበር። በጉ የኮርሲካን ሣር በልቶ፣ ወተቱ ኮርሲካ ላይ ረግቶ፣ ዋሻው ውስጥ ሲበስል ብቻ ሮክፎር ይሆን ነበር። ዛሬ ደንቡ ወተቱንም፣ በጉንም፣ መኖውንም በአካባቢው ወስኗል። አንዱ ስም በአንድ ዘመን የአየር ስም ነበር፤ በሌላ ዘመን የሣርም ስም ሆነ። አገሬነት ከመጀመሪያው ተሰጥቶ ያደረ ነገር ነው የሚል ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል፤ ሮክፎር ይበልጥ የአካባቢው የሆነው ካረጀ በኋላ ነውና።

የዘር ሐረግን ተከትሎ ወደ ኋላ መሄድም አያዋጣም። በባስክ ምድር ኤስፐሌት በምትባል መንደር በመከር ወራት የቤቶቹ ነጭ ግንብ በቀይ በርበሬ ይሸፈናል፤ በርበሬው በገመድ ተሰክቶ ከመስኮት ሥር ይንጠለጠላል፤ ከ2000 ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው። ከዚያ በላይ ባስካዊ የሚመስል ነገር የለም። በርበሬ ግን ወደ አውሮፓ የመጣው ኮሎምበስ አሜሪካን ካገኘ በኋላ ነው። የኢትዮጵያም በርበሬ እንዲሁ ከዚያው ዘመን ወዲህ የደረሰ ተክል ነው፤ ዛሬ ግን ያለ እርሱ ዶሮ ወጥን የሚያስብ የለም። ካሱሌ በሚባለው ምግብ ውስጥ የሚገባው ቦሎቄም፣ አሊጎ በሚባለው ውስጥ የሚገባው ድንችም ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ከሁሉ የሚደንቀው ወይኑ ነው። በ1860ዎቹ ፊሎክሴራ የተባለች ደቃቅ ነፍሳት ከአሜሪካ ገብታ የፈረንሳይን ወይን ሥሩን እየበላች ስትፈጀው፣ መዳኛ ሆኖ የተገኘው የፈረንሳዩን ግንድ ነፍሳቷን በለመደው በአሜሪካው ሥር ላይ መክተብ ነበር። ዛሬ የቡርጎኝ ወይን ስለ ቡርጎኝ አፈር ሲመሰክር አፈሩን የሚነካው አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካዊ ሥር ነው። ወይኑ በዚህ ምክንያት የቡርጎኝ አይደለም የሚል ሰው የለም፤ ትክክልም ነው። ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ለምሥክርነት አይበቃም።

ከየት መጣ ካልሆነ፣ ምን ተደረገለት ይሆን? በስዊዘርላንድ ድንበር፣ በዡራ ተራሮች ኮምቴ የሚባል ትልቅ የላም አይብ ይሠራል። አንዱ መንኮራኩር 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ለእርሱ 400 ሊትር ያህል ወተት ይፈጃል። ይህን ያህል ወተት ድሮ አንድ ቤት ብቻውን አይኖረውም ነበር፤ ስለዚህ ጎረቤታሞች ወተታቸውን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ “ፍሩይቲዬር” በሚሉት የጋራ ቤት ያዋጣሉ። በእቁብ ገንዘብ እንደሚዋጣ ያለ ነገር ነው፤ የሚዋጣው ወተት፣ የሚደርሰው አይብ ይሁን እንጂ። ደንቡን ያነበበ ሰው ግን ስለ ጣዕም የሚናገር ብዙ ቃል አያገኝም። የሚያገኘው የክልከላ ዝርዝር ነው። ላሞቹ ሞንቤሊያርድ ወይም ሲመንታል ይሁኑ፣ ሌላ አይግባ። ለእያንዳንዷ ላም ቢያንስ አንድ ሄክታር የሣር መሬት ይኑር። ተቀብሮ የተብላላ መኖ አይሰጥ፤ በክረምት ድርቆሽ ትብላ። ለአንድ የአይብ ቤት የሚሰበሰበው ወተት 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ካለው ክበብ አይውጣ። ወተቱ አይፈላ። አይቡ ከአራት ወር በፊት አይሸጥ። እያንዳንዱ መስመር ላይ ቀላሉና ርካሹ መንገድ ክፍት ነበር፤ እያንዳንዱ መስመር ያንን መንገድ ዘግቷል።

ይህ ከሆነ የአገር ጣዕም በአፈሩ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሀብት አይደለም። አፈሩ የሚናገረው ሌሎቹ ድምፆች ዝም ሲሉ ብቻ ነው፤ ዝም የሚያሰኛቸው ደግሞ የሰዎች እምቢታ ነው። ላሟ የትም ከተመረተ መኖ ብትበላ ወተቷ የትም የተገኘ ወተት ይሆናል፤ የዡራ ሣር ከነአበባው ወተቷ ውስጥ የሚገባው ሌላው ስለ ተከለከለላት ነው። ጾም ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ የሚገባ ነገር ነው። ጾም ስለ ተተወው ምግብ ብቻ አይደለም፤ በተተወው ቦታ ላይ ሌላ ነገር እንዲሰማ ነው። የኮምቴ አርቢ ብዙ ወተት ማለብ እየቻለ ጥቂት የሚያልበው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይከስር ነበር። አብረውት ጎረቤቶቹ እምቢ ስላሉ፣ ክልከላው ስም አፈራ፤ ስሙም ዋጋ አፈራ። ቦታን ቦታ ያደረገው ይህ በጋራ የተያዘ እምቢታ ነው ማለት ይቻላል።

እንዲህ ቢባልም ጥርጣሬው አይቀርም። ስም ዋጋ ሲያፈራ ከመንደሩ ይርቃል። የሮክፎር ስም በዓለም ጠረጴዛዎች ላይ ይዞራል፤ በመንደሯ የሚኖሩት ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ካማምቤር የኖርማንዲ መንደር ስም ነው፤ ከመንደሩ አምልጦ በየአገሩ የሚሠራ አይብ ስም ሆነ፤ በ1983 በሕግ ሊጠበቅ የቻለው “የኖርማንዲ ካማምቤር” ተብሎ ሲረዝም ብቻ ነው። ደንብ ደግሞ ድንበር ያሰምራል፤ ከመስመሩ አንድ ሜትር ወዲያ ያለው ገበሬ ያው ሣር፣ ያው ዝናብ እያለው ስሙን ያጣል። በ1911 በሻምፓኝ ወይን ገበሬዎች ያመፁት፣ የወይን ቤቶችን ያቃጠሉት፣ ማን ከመስመሩ ውስጥ ነው ማን ከውጭ በሚለው ጉዳይ ነበር። ኢትዮጵያም ይህን መንታ መንገድ አይታዋለች። ከ2005 ጀምሮ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስጠበቅ ስትነሳ፣ የመረጠችው የፈረንሳዮቹን መንገድ ሳይሆን የንግድ ምልክትን ነበር። ሚሊዮን አነስተኛ ገበሬዎችን በየጓሯቸው እየዞሩ መቆጣጠርና ማረጋገጥ የሚጠይቀው ሥርዓት ለእነርሱ ከባድ ነው የሚል ምክንያት ነበራት። እምቢታን መመዝገብም አቅም ይጠይቃል፤ አቅም የሌለው ገበሬ ቡናው ምንም ያህል የቦታው ቢሆን ወረቀቱ አይኖረውም።

አሁን ወደ ሰዎቹ መመለስ ይገባል፤ አስቀድሞ የቆየው ጥያቄ ያለው እዚያ ነው። ከሮክፎር ብዙም ሳይርቅ የላርዛክ አምባ ተዘርግቷል። ድንጋያማ፣ ነፋስ የሚጠርገው፣ ወንዝ የሌለው ምድር ነው፤ ዝናቡ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ ይጠፋል። በጎቹ ወተታቸው ለሮክፎር ይሄዳል። በ1971 የፈረንሳይ መንግሥት በአምባው ላይ ያለውን የጦር ሰፈር ከ3 ሺህ ወደ 17 ሺህ ሄክታር ለማስፋት መወሰኑን አስታወቀ። በተከታዩ ዓመት 103 ገበሬዎች መሬታችንን አንለቅም ብለው ቃል ተጋቡ። በዚያው ዓመት 60 በጎች ወደ ፓሪስ አምጥተው ከኤፌል ማማ ሥር አሰማሩ። በትራክተር ሄዱ፣ በእግር ሄዱ፣ ፈቃድ የተነፈገውን የላ ብላኪየርን የበጎች ጋጣ በደጋፊዎች እጅ በድንጋይ ገነቡ። ትግሉ አሥር ዓመት ፈጀ። በ1981 ፍራንሷ ሚተራን ሲመረጥ ዕቅዱ ተሰረዘ።

ከእነዚያ ዓመታት የሚወጣው ትምህርት ግን “ባላገር አገሩን አዳነ” ከሚለው የተወሳሰበ ነው። 103ቱ ገበሬዎች ብቻቸውን አልነበሩም። ከ1968 ወዲህ ከተማን ትተው የመጡ ወጣቶች፣ ተማሪዎች፣ ካህናት፣ ውትድርናን በሕሊናቸው የተቃወሙ ሰዎች ባዶ እርሻዎች ውስጥ እየገቡ ሰፈሩ። ከእነርሱ አንዱ ቦርዶ አጠገብ የተወለደው ዦዜ ቦቬ ነበር፤ በግ ማርባትን ተማረ፣ ወተቱን ለሮክፎር ሸጠ፣ ኮንፌዴራሲዮን ፔይዛንን ካቋቋሙት አንዱ ሆነ። አሜሪካ በ1999 በሮክፎር ላይ መቶ በመቶ ቀረጥ ስትጥል፣ ከጓደኞቹ ጋር በሚዮ ከተማ በመሠራት ላይ የነበረውን የማክዶናልድ ቤት በማፍረሱ ስሙ ዓለም ሁሉ ደረሰ። ስለ አካባቢ ምግብ ከሁሉ በላይ የጮኸው ሰው የአካባቢው ተወላጅ አልነበረም። በርበሬው ባስካዊ እንደሆነ፣ የወይኑ ሥር ቡርጎኛዊ እንደሆነ፣ እርሱም ላርዛካዊ ሆነ። ተወላጁ ገበሬና መጤው በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው እንዲስማሙ ያደረጋቸው አንድ ዓይነት እምቢታ ነበር።

መንግሥት ለጦር ሰፈሩ ሲል አስቀድሞ የገዛው መሬት በእጁ ቀርቶ ነበር። መሬቱ ለየገበሬው ተቆራርሶ ቢሸጥ ማንም ባልገረመው። ሰዎቹ ግን ሌላ መንገድ መረጡ። በ1985 መንግሥት 6,300 ሄክታር ገደማ መሬት እነርሱ ላቋቋሙት የጋራ ማኅበር በረጅም ኪራይ ሰጠ፤ ውሉ በኋላ ተራዝሞ እስከ 2083 ይዘልቃል። በዚህ ውል ውስጥ ማንም ማሳ አይገዛም፣ አይሸጥም፣ ለልጁም አያወርስም። አንድ ሰው እርሻውንና ቤቱን የሚይዘው እያረሰና እያረባ እስካለ ድረስ ነው። ጡረታ ሲወጣ ቦታውን ለሚተካው ይለቃል። በፈረንሳይ የእርሻ መሬት ሻጭ ሲገኝ ትልቁ ጎረቤት ገዝቶ ወደ ራሱ ማሳ የሚቀላቅለው ብዙ ጊዜ ነው፤ እዚህ ግን የተለቀቀ እርሻ ሌላ ገበሬ እንዲገባበት ይደረጋል። ቋንቋው “ባለ አገር” ሲል ያሰበው ይህን ይሆን? እነዚህ ሰዎች ከብዙዎች ይልቅ አገሩን ይዘዋል፤ በእጃቸው ያለ የባለቤትነት ወረቀት ግን የለም።

ነገሩ ያለ ሕመም አይደለም። ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን፣ ጣሪያውን በራስ እጅ የጠገኑትን፣ ልጆች ያደጉበትን ቤት ትቶ መውጣት ከባድ ነው። ከታገሉት ትውልድ ብዙዎቹ አርጅተዋል፤ መሬቱን ለማዳን ወጣትነታቸውን የሰጡት ሰዎች ከዳነው መሬት ላይ ቤታቸውን የሚለቁበት ሰዓት ደርሷል። የሚተካው አዲስ ሰው ከከተማ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በግ አልቦ የማያውቅ፣ የአምባውን ነፋስ ያልቀመሰ። በላርዛክ ላይ እረኞች ከጥንት ጀምሮ ድንጋይ እየነጠፉ የሠሯቸው ክብ የዝናብ ኩሬዎች አሉ፤ ላቮኝ ይባላሉ። ውሃ በማይቋጥር ምድር ላይ የበጎቹ መጠጫ እነርሱ ናቸው። ንጣፉ አንድ ቦታ ላይ ሲሰነጠቅ ኩሬው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደርቃል፤ ስለዚህ ማንም ይሁን ማን እርሻውን የያዘው ሰው ጭቃውን ጠርጎ፣ ድንጋዩን መልሶ ይከድነዋል። ማታ ማታ መንጋው ከግጦሽ ሲመለስ በክቡ ዳር ተሰልፎ ይጠጣል።